በ600 ዶላር የገዛሁት አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ፣ ቀለም ልቀባው ስል "ኋላው በስብሷል ጣለው" አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

ጀማሪው ካፒቴን፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እዚህ ስለ መኪና ስለ ቤት ጥገና ስትረዳዱ ዝም ብዬ ሳነብ ነው የከረምኩት፣ ዛሬ የኔ ጥያቄ ትንሽ ለየት ስለሚል እንዳትስቁብኝ። የምኖረው ኖርዘርን ቨርጂንያ ነው። ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎረቤት ጓሮ ሸራ ለብሶ ስንት ዓመት የቆመ ጀልባ ከነተሳቢው ከነሞተሩ በ600 ዶላር ገዛሁ። 16 ጫማ ፋይበርግላስ፣ የ1987 ስሪት፣ ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ። ሐሳቤ ልጆቼን ይዤ ፖቶማክ ወንዝ ላይ አምባዛ መያዝ ነው፣ ከዳር ቆሜ ስጥል አምስት ዓመት ሞላኝ፣ ትልልቆቹ ግን መሀል ነው ያሉት ይሉኛል።

እስካሁን ያደረግኩት አጠብኩት፣ ውስጡ የነበረውን ቅጠልና የአይጥ ጎጆ አወጣሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ፣ ሁለት ቆርቆሮ ሰማያዊ የጀልባ ቀለም ደግሞ 180 ዶላር አውጥቼ ገዛሁ (እዚህ ላይ ነው የቸኮልኩት መሰለኝ)። ከዛ አንድ ጀልባ የሚያውቅ ሰው ወስጄ ሳሳየው ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ ሁለቴ ሦስቴ በቡጢ መታ መታ አደረገና "ትራንሰሙ በስብሷል፣ ጣለው" ብሎኝ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። እንዴ! ፋይበርግላስ ይበሰብሳል እንዴ? ፕላስቲክ አይደለም እንዴ እሱ?

እውነቱን ለመናገር እኔም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ወለሉ ከኋላ በኩል ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ገባ ይላል፣ የሞተሩ ብሎኖች አጠገብ ደግሞ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች አሉ። በስቱኮ ሞልቼ ቀለም ብቀባበት አይሆንም? ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ካቻቪቴ መያዝ እችላለሁ ከዛ በላይ ግን አትጠብቁብኝ። ሚስቴ "ዓሳ ገበያ ሞልቶ" ብላ አንዴ ተናግራለች፣ ሁለተኛ ከመናገሯ በፊት መልስ ብትሰጡኝ።

ላሜራ ቤት ያደገ፦

ሰላም ካፒቴን እንኳን ደስ አለህ፣ አይዞህ አትጣለው፣ ግን ቀለሙን ዝጋና ጥግ ላይ አስቀምጠው።

በመጀመሪያ ጥያቄህን ልመልስ። ፋይበርግላሱ ራሱ አይበሰብስም፣ ልክ ነህ። ግን የዛ ዘመን ጀልባ ሙሉ ፋይበርግላስ መስሎ ነው እንጂ ሆዱ እንጨት ነው። የኋላው ግድግዳ ማለት ከውጭ አንድ የፋይበር ቆዳ፣ ከውስጥ ሌላ የፋይበር ቆዳ፣ መሀሉ ላይ ኮምፔርሳቶ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ድርብ ተጣብቆ አንድ ኢንች ተኩል ገደማ ውፍረት ያለው። ከወለሉ ስር በቁመት የሚሄዱት ወራጆችም እንጨት በፋይበር ተሸፍኖ ነው። አንድ ሰው ድሮ የሆነ ነገር ለማሰር ብሎን ሲያስገባ ቀዳዳውን በደንብ ሳያሽገው ይቀራል፣ በዛች ቀዳዳ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። 30 ዓመት ሙሉ ገብቶ ያልወጣ ውሃ እንጨት ምን ያደርጋል? እንደ ትምባሆ ይሆናል፣ በጣትህ ታፍሰዋለህ። ከውጭ ስታየው ግን ያበራል። ለዚህ ነው ስቱኮና ቀለም የማይሆነው፣ እኔ አዲስ አበባ ላሜራ ቤት ስሠራ ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፈን ቀለም ነፍተን የሰጠነው መኪና ስንት ነበር መሰለህ፣ ክረምት ሲመጣ ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣና እንጣላለን። መኪና ቢሆን ከመንገድ ዳር ይቆማል፣ እዚህ ግን ወደ 200 ፓውንድ የሚመዝን ሞተር ነው የተንጠለጠለው፣ ጋዝ ስትሰጠው ጀልባውን የሚገፋው በዛ ግድግዳ በኩል ነው። እሱ ሲለቅ ወንዙ መሀል ነው የሚለቀው።

አሁን በቡጢ ተመታ ብለህ አትመን፣ ራስህ አረጋግጥ። የካቻቪቴውን እጀታ ይዘህ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ከቀኝ ወደ ግራ በየሁለት ኢንቹ ቀስ እያልክ ምታ፣ ደህና ከሆነ ቷ ቷ የሚል ጠንካራ ድምፅ ነው፣ ከበሰበሰ ዱብ ዱብ ይላል፣ ጆሮህ በአምስት ደቂቃ ይለየዋል። በእርሳስ ምልክት አድርግ። ከዛ ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርገህ ታችኛውን እግሩን ይዘህ ወደላይ ወደታች ናጠው፣ ሌላ ሰው ግድግዳውን ይይልህ። ግድግዳው ከሞተሩ ጋር አብሮ ከተወዛወዘ ነገሩ አልቋል። በመጨረሻ ደግሞ ከውስጥ በኩል ትንሽ ትራፓኖ ይዘህ አንድ ስምንተኛ ኢንች ቀዳዳ ብሳ፣ ከታች፣ የውሃ ማፍሰሻው ቡሽ አጠገብ አንድ፣ ከሞተሩ ብሎን ስር አንድ፣ ከላይ ጥግ አንድ። የውጭውን ቆዳ እንዳትበሳ ጫፉ ላይ ቴፕ ለጥፍና ልኩን አስቀምጥ። የሚወጣውን ፍቅፋቂ እየው፣ ደረቅ ነጣ ያለ የእንጨት ሽታ ያለው ከሆነ እድለኛ ነህ፣ ጥቁር ርጥብ የሆነ ነገር እየተጠመዘዘ ከወጣ በቃ መልስህን አገኘህ።

ይሄን አድርገህ ተመለስና እንቀጥላለን።

አልሙኒየም ይሻላል፦

ብሮ ጊዜህን አታቃጥል። ጓደኛዬ ክረምት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲፍቅ ሲያጣብቅ ከርሞ ፀደይ ሲመጣ ሸጠው። አልሙኒየም ግዛ፣ እንጨት የለው፣ መበስበስ የለው፣ ሲወጋ ትበይደዋለህ።

የደንገል ልጅ፦

ከባሕር ዳር ሰላም ብያለሁ። አልሙኒየም ያልከው ወንድሜ፣ አይከፋህና ብዙዎቹ የአልሙኒየም ትንንሽ ጀልባዎችም የሞተሩ ቦታ ላይ ያላቸው ኮምፔርሳቶ ነው፣ እሱም ይበሰብሳል፣ ብረቱ ስለሸፈነው ነው የማይታየው። ስለዚህ ከዛ ነገር አላመለጥክም።

እኔ ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሱ የፋይበር ጀልባዎች ላይ ነው የምሠራው፣ አሽከርካሪም ነኝ ሲበላሽ ጠጋኝም ነኝ። ለካፒቴኑ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉም ሰው ስለ ኋላ ግድግዳው ብቻ ነው የሚያወራው። ወለሉ ስፖንጅ ሆኗል ብለሃል አይደል፣ ከወለሉ ስር ምን እንዳለ ታውቃለህ? ፎም። ጀልባው ቢገለበጥ እንኳን እንዳይሰጥም ተብሎ የሚሞላ ነው። አዲስ ሲሆን እንደ ላባ ነው፣ ብዙ ዓመት ውሃ ውስጥ ሲተኛ ግን ይጠጣል። እዚህ አገር ያላችሁ ልጆች ታንኳ ታውቃላችሁ መቼም፣ የደንገሏን። ታንኳ ቀኑን ሙሉ ከሠራች ውሃ ትጠጣና ትከብዳለች፣ ማታ ባለቤቱ ከሐይቁ አውጥቶ ዳር ላይ ያቆማታል፣ ፀሐይና ነፋስ ያደርቃታል፣ ጠዋት ቀልላ ትገባለች። ፎሙ ደግሞ ከወለልና ከቅርፊቱ መሀል ታሽጎ ነው ያለው፣ ማን ያቁመው ማን ያድርቀው? አንድ ኪዩቢክ ጫማ ውሃ 62 ፓውንድ ይመዝናል፣ አምስት ኪዩቢክ ጫማ ፎም ውሃ ከጠገበ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከወለሉ ስር ተኝተው እየሄዱ ነው በለው። ሞተሩ ይደክማል፣ ጀልባው ከኋላ ይዘቀዝቃል፣ ወራጁ እንጨት ደግሞ በዛው ርጥበት ይበሰብሳል።

እንዴት ታውቃለህ? እዚያ አገር ከባድ መኪና የሚመዝኑበት ሚዛን መንገድ ዳር አለ ይባላል፣ ተሳቢውን ከነጀልባው አስመዝን፣ የተሳቢውንና የሞተሩን ክብደት ቀንስ፣ አምራቹ ድሮ ከጻፈው ክብደት ጋር አስተያይ። ሌላው መንገድ ወለሉ ላይ ከኋላ በኩል ክብ ቀዳዳ መቁረጥ ነው፣ እጅህን ከትተህ ፎሙን ቆንጥረህ ጭመቀው። ውሃ ጠብ ካለው ተስፋ አታድርግ፣ ፎም አንዴ ውሃ ከጠጣ በማራገቢያ በፀሐይ አይደርቅም፣ ተቆርጦ ነው የሚወጣው።

ደግሞ ልብ በል፣ ፎሙን አውጥተህ ባዶ አትተወው። የዛ መጠን ጀልባ ቢሞላ እንዳይሰጥም ተብሎ ነው ሕጉም የሚያስገድደው። አዲሱን ሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀለውን ታፈሳለህ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ፣ በአንዴ ካፈሰስከው እየነፋ ወለሉን ይገነጥለዋል። ውሃውም ወደ ኋላ ወደ ማፍሰሻው የሚሄድበትን ቦይ አትድፈነው፣ ያ ቦይ በቅጠል በጭቃ መደፈኑ ነው መጀመሪያ ፎሙን ያጠጣው።

እኛ ዘንድ ጭንቀቱ ሌላ ነው፣ ፀሐይዋ ቅርፊቱን ታነጣዋለች፣ እምቦጩ ደግሞ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። በየጊዜው ሞተሩን አንስቼ በቢላ እየቆረጥኩ ነው የምኖረው። እናንተ ወንዝ ላይ ምን ይጠመጠማል?

ጀማሪው ካፒቴን፦

እናንተ ሰዎች ይመቻችሁ አቦ። የደንገል ልጅ እኛ ዘንድ የሚጠመጠመው የሰው የተቆረጠ መንጠቆ ገመድ ነው።

ቅዳሜ ሠራሁት። ልጄ ስልኬን ይዞ እየቀረጸኝ ነው፣ እኔ እንደ ሐኪም እየመታሁ አዳምጣለሁ። ከላይ ጥጎቹ ላይ ቷ ይላል። ከሞተሩ ብሎን ጀምሮ ወደታች ግን ዱብ ዱብ፣ የታችኛው ግማሽ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ። ቀዳዳ ስበሳ መጀመሪያ ከላይ ደረቅ ወጣ፣ ደስ ብሎኝ ለሚስቴ ደወልኩ (አልነበረብኝም)። ከታች ስበሳ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ወጣ፣ ከዛ ትራፓኖውን ሳወጣው ውሃ መጣ። ፍቅፋቂ አላልኩም፣ ውሃ! ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወጣ፣ ስኒ አስቀመጥኩበትና ማታ ሳየው ሩብ ሞልቷል። እሑድም ሲንጠባጠብ ነበር። ዝናብ ከጣለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል እኮ።

ወለሉንም ቆረጥኩት፣ ፎሙን ስቆነጥረው እንደ እቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። ስለዚህ መልሱን አገኘሁ። አሁን ጥያቄዬ፣ 1ኛ በእውነት ጀማሪ ሰው ይሄን ይችለዋል ወይ፣ 2ኛ ማጣበቂያው ሬዚን ኢፖክሲ ይሁን ወይስ ፖሊስተር፣ ዩቲዩብ ላይ አንዱ አንዱን ይሳደባል፣ 3ኛ ከውጭ ነው ከውስጥ የሚቆረጠው?

የሲያትሏ፦

ሰላም ወንድሜ፣ ይቻላል። እኔና አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት 14 ጫማ ጀልባ ላይ ይሄኑ ሥራ ሠርተነዋል፣ አባቴ በእድሜው ሙሉ አስተማሪ ነበር፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ ከሁለታችን አንዳችንም ፋይበር ነክተን አናውቅም። ስምንት ቅዳሜ ነው የፈጀብን፣ ሦስት ይበቃናል ብለን ነበር የጀመርነው።

ከመቁረጥህ በፊት ሁለት ነገር። ወረቀቱን አስተካክል። ባለቤቱ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ሰጥቶሃል ወይ? እናንተ ስቴት ጀልባው የሚመዘገበው በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ተሳቢው ደግሞ ለብቻው መኪና በሚመዘገብበት በዲኤምቪ ነው፣ አንዱ ወረቀት ለሌላው አይሠራም። ስንት ሰው ጀልባውን አሳምሮ ጨርሶ ነው ታይትል የለውም የሚባለው። ሁለተኛው፣ በኋላው ግድግዳ ላይ ከውጭ በቀኝ በኩል ወደላይ የተቀረጸ 12 ፊደልና ቁጥር አለ፣ የጀልባው መለያ ነው፣ ከ1972 መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት ሁሉ አላቸው። ግድግዳውን ከውጭ ከቆረጥከው እሱንም ነው ቆርጠህ የምትጥለው! ፎቶ አንሳው፣ በወረቀት ላይ በእርሳስ ፈግፍገህ ቅዳው፣ ያቺን ቁራጭ ቆዳ ደግሞ እንዳትነካት።

ለ3ኛው ጥያቄህ ለዚህ ነው እኛ ከውስጥ የገባነው። ከውስጥ ሲሆን የውጭው ቆዳ ቅርፁን እንደያዘ ይቀራል፣ እንጨቱን ታወጣና አዲሱን እሱ ላይ ታጣብቀዋለህ፣ ከውጭ የሚታይ ጠባሳ አይኖርም። ያንተ ደግሞ ወለሉም ስለሚወጣ ቦታ አለህ። ግን ወለሉን ከመክፈትህ በፊት ጀልባው ተሳቢው ላይ በትክክል መቀመጡን እይ፣ ሆዱ በደንብ ካልተደገፈ ወለልና ወራጅ ሲወጣለት ይጎብጣል፣ ጎብጦ እያለ አዲስ ካሰርክበት እንደጎበጠ ይቀራል። ወራጆቹንም ሁሉንም ባንዴ አታውጣ፣ አንዱን ቀይር፣ ይድረቅ፣ ከዛ ቀጣዩን። ወለሉን ስትቆርጥ ደግሞ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ኢንች ከንፈር አስቀር፣ አዲሱ ወለል የሚቀመጥበት።

አሁን እንደ ነርስ ልናገር። ስትፍቅ የሚወጣው አቧራ የብርጭቆ ብናኝ ነው። የኮቪድ ጊዜ ማስክ አይሆንም፣ ለአቧራውም ለጋዙም የሚሆን ባለሁለት ካርትሪጅ የጎማ ጭምብል ግዛ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ እጅጌና እግሩ የሚታሰር ያን ነጭ የወረቀት ቱታ። አባቴ መጀመሪያ ቀን በካናቴራ ሠራ፣ "እኛ ድሮ" ምናምን እያለ፣ ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም፣ ሌሊቱን ሙሉ እያከከ አደረ። እጅና አንገት ላይ የሕፃን ፓውደር ቀባ፣ ስትጨርስ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ። ልብስህን ከልጆቹ ልብስ ጋር እንዳታጥበው። ፖሊስተር ከመረጥክ ማጠንከሪያው ዓይን ላይ ጠብ ቢል ዓይን ያጠፋል፣ በቀልድ አትያዘው፣ ውሃ አጠገብህ ይኑር።

ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካላችሁ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ ይመጣል። እኛ ለጎረቤቶች ዳቦ አዞርንላቸው።

ላሜራ ቤት ያደገ፦

የሲያትሏ እህቴ ሁሉንም ብለሽዋል። እኔ 2ኛውን ልመልስ።

ሁለቱም ይሆናሉ፣ ፋብሪካው ራሱ በፖሊስተር ነው የሠራው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ጄልኮት (የሚያበራውን የላይኛውን ሽፋን) ይቀበላል። ግን ፖሊስተር በአሮጌ በደረቀ ፋይበርና በእንጨት ላይ ያለው የመያዝ ጉልበት ከኢፖክሲ ያንሳል፣ አንተ ደግሞ ከአዲስ ጋር ሳይሆን በ1987 ከደረቀ ጋር ነው የምታጣብቀው። ስለዚህ ለጀማሪ ለግድግዳውና ለወራጁ ኢፖክሲ እላለሁ። ይወደዳል፣ ጋሎኑ ከነማጠንከሪያው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ሁለት ሦስት ጋሎን ትጨርሳለህ። ጥቅሙ ግን አይሸትም ማለት ይቻላል፣ ቤትህ አይሸት ሚስትህ አትጮህ። ጉዳቱ ልኬት ነው። ፖሊስተር ላይ ማጠንከሪያው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፣ ማለት ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፣ ሲበርድ ትንሽ ትጨምራለህ ሲሞቅ ትቀንሳለህ። ኢፖክሲ እንዲህ አይባልም! ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ልክ ልኩ ነው፣ ቶሎ ይድረቅ ብለህ ማጠንከሪያ ብትጨምር ለዘላለም ማስቲካ ሆኖ ይቀርልሃል።

ጨርቁንም ተጠንቀቅ። ያ በየሱቁ የሚሸጠው ፀጉሩ የተበታተነ ማት፣ ክሩን የያዘው ሙጫ በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው የሚሟሟው፣ ኢፖክሲ ውስጥ አይሟሟም፣ ደርቆ ይቆምብሃል። ለኢፖክሲ የተሰፋውን ባያክሲያል (ክሩ በሁለት አቅጣጫ የሚሄደውን ጨርቅ) ግዛ፣ 1708 የሚባለውን ብዙ ሰው ይጠቀማል፣ ከኋላው ስስ ማት ቢኖረውም የተሰፋ ስለሆነ ችግር የለውም።

አንድ ታሪክ ልንገርህ ከዛ አሠራሩን እነግርሃለሁ። እዚህ ሜሪላንድ መጀመሪያ ፋይበር ስሠራ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ግማሽ ባልዲ ሬዚን ባንዴ ቀላቀልኩ። ስልክ ተደወለልኝ፣ ሁለት ደቂቃ አወራሁ፣ ዞር ስል ባልዲው ይጨሳል። ፕላስቲኩ እየቀለጠ ነው፣ ከጋራዡ በእግሬ እየገፋሁ አስፋልት ላይ አወጣሁት፣ አስፋልቱ ላይ ያ ክብ ምልክት ዛሬም አለ። ሬዚን ተከማችቶ ሲቆም ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ተዘርግቶ ሲሆን አይሞቅም። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ቀላቅል፣ ቀላቅለህ እንደጨረስክ ሰፋ ባለ ትሪ ላይ አፍስሰው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የበሰበሰውን ሁሉ በመሮና በግራይንደር አውጣ፣ ደህና እንጨት እስክታገኝ ሳይሆን ሁሉንም፣ ግማሹን ልተው አትበል። የውስጠኛው ቆዳ ተቆርጦ በወጣበት ዙሪያ ያለውን ፋይበር ወደ ጠርዙ እየሳሳ እንዲሄድ አዘቅዝቀህ ፍቀው፣ የፋይበሩ ውፍረት በ12 ተባዝቶ፣ ማለት ሩብ ኢንች ከሆነ ሦስት ኢንች ድረስ። ይሄን ሰው ይዘለዋል፣ አዲሱ ጨርቅ የሚይዘው ግን በዚህ ዝቅዝቅ ላይ ነው። ከዛ ካርቶን ላይ የግድግዳውን ቅርፅ ቆርጠህ ሞክር፣ ካርቶኑ ልክ ሲሆን ነው እንጨት የምትቆርጠው። እንጨቱ የጀልባ ኮምፔርሳቶ ይሁን፣ ውስጡ ክፍተት የሌለው። ያን አረንጓዴ በመድኃኒት የተነከረውን እንዳትገዛ፣ ርጥብ ነው ሬዚን አይይዝለትም። ሁለቱን ሉሕ በኢፖክሲ አጣብቅና አንድ አድርጋቸው፣ ጠርዙን በተለይ ሦስቴ ቀባ፣ ውሃ የሚገባው በጠርዝ ነው። ግድግዳው ላይ ስታጣብቀው ኢፖክሲውን በሲሊካ ዱቄት አወፍረው፣ ለውዝ ቅቤ እስኪመስል፣ ሽቅብ ቢቀባ የማይፈስ። በሞርሳና በእንጨት ጨምቀው፣ ግን እንዳታንቀው፣ ሙጫው ሁሉ ተጨምቆ ከወጣ ምን ይያዝ?

ጥጎቹን ያንኑ ወፍራም ሙጫ በማንኪያ ጀርባ ክብ አድርገህ ሙላ፣ ፋይበር ስለታም ጥግ ላይ አይተኛም። ከዛ ጨርቅ፣ ሦስት አራት ንብርብር፣ እያንዳንዱ ከቀደመው ሰፋ እያለ። አንድ ቀን ካደረ ላዩ ላይ የቅባት ነገር ታገኛለህ፣ ውሃና ሻካራ ስፖንጅ ይዘህ እጠበው፣ ሳታጥብ ብርጭቆ ወረቀት ካሳረፍክ ቅባቱን ታሰራጨዋለህ እንጂ አታወጣውም።

የደንገል ልጅ፦

ላሜራ ቤት ባለሙያ ነህ በእውነት። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ሞተሩን መልሰህ ስታስር የብሎኑን ቀዳዳ በልኩ አትብሳ። ሰፋ አድርገህ ብሳ፣ በወፍራም ኢፖክሲ ድፈነው፣ ሲደርቅ መሀሉን በብሎኑ ልክ መልሰህ ብሳ። እንዲህ ከሆነ ብሎኑ እንጨት ጭራሽ አይነካም፣ ውሃ ቢገባም ኢፖክሲ ነው የሚያገኘው። የማፍሰሻው ቡሽ ቀዳዳም እንደዚሁ። የድሮው ጀልባህን የገደለው የዚህች አለመሠራት ነው።

አልሙኒየም ይሻላል፦

እሺ ተሸንፌአለሁ 😂 ግን ሞተሩስ? ማንም አልጠየቀም። 40 የፈረስ ጉልበት ስንት ዓመት የቆመ፣ ሞተሩ የሞተ ከሆነ ያ ሁሉ ኢፖክሲ ለምን? መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጥተህ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ለካ፣ ጌጁን የመኪና ዕቃ ሱቅ ያውሱሃል። ቁጥሩ ራሱ ብዙ አያሳስብህ፣ ሲሊንደሮቹ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው ዋናው። አንዱ 120 ሌላው 70 ካለ ፒስተን ሄዷል። የታችኛውን እግር ዘይት አፍስሰህ እይ፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ውሃ የምትስበዋን ጎማ ዝም ብለህ ቀይራት፣ ስትቆም ትደርቃለች። ያለ ውሃ ደግሞ ለአንድ ደቂቃም እንዳታስነሳው፣ ያን የጆሮ ማዳመጫ የሚመስለውን ጎማ አድርገህ ከቧንቧ ጋር አገናኘው። የድሮውን ቤንዚን ደፍተህ በአዲስ፣ 50 ለ1 ዘይት፣ ለስድስት ጋሎን አንድ ፓይንት ገደማ። የተሳቢውንም ኩሽኔታ እይ፣ ሀይዌይ ላይ ጎማ ሲሄድ ጀልባውም አብሮ ነው የሚሄደው።

ጀማሪው ካፒቴን፦

ይሄን ሁሉ ጽፋችሁልኝ እኔ ምን ልበል። የአልሙኒየሙ ወንድሜ ምክርህን ሰማሁ፣ ማክሰኞ ለካሁ፣ ሲሊንደሮቹ 115፣ 118 እና 115 ናቸው፣ ዘይቱም ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይቀጥላል። ታይትሉም አለ፣ ሻጩ መሳቢያ ውስጥ ፈልጎ አገኘው፣ ተሳቢውን ግን ገና ዲኤምቪ እሄዳለሁ።

ሒሳብ ሠራሁ፣ ኢፖክሲ ሦስት ጋሎን፣ ጨርቅ፣ ሁለት ሉሕ የጀልባ ኮምፔርሳቶ፣ ፎም፣ ጭምብል፣ ጓንት፣ ዲስክ፣ ሁሉ ሲደመር ወደ 1,100 ዶላር። በ600 የገዛሁት ጀልባ ማለት ነው። ሚስቴ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች፣ ዝም ስትል ነው የምፈራው። ቀስ ብላ "ክረምት ከመግባቱ በፊት ካላለቀ ጋራዡን መኪናዬ ነው የሚይዘው" አለች። ስለዚህ ግድግዳውንና የኋላውን ወለል አሁን እሠራለሁ፣ የፊቱ ወራጅ ደህና ስለሚመስል እዛ ጋም ቀዳዳ በስቼ አረጋግጣለሁ፣ ደረቅ ከሆነ አልነካውም።

ትናንት መለያ ቁጥሩን በእርሳስ ቀድቼ ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ፣ ላዩ ላይ ሰፊ ቴፕ ለጥፌ በቀይ "አትቁረጥ" ብዬ ጻፍኩበት፣ ልጄ ከስሩ በእንግሊዝኛ "አባ ማለት ነው" ብሎ ጨመረበት። ሞተሩን በሁለት ጓደኛ አውርደን እንጨት ላይ አስረነዋል። ቅዳሜ ጠዋት መሮ አነሳለሁ።

ላሜራ ቤት ጀርመንታውን አካባቢ ከሆንክ አንድ ቅዳሜ ብቅ በል፣ ቁርስ በኔ ነው። ለኢፖክሲው ስንት ዲግሪ ሙቀት ያስፈልገዋል? ጋራዡ ማሞቂያ የለውም።

ላሜራ ቤት ያደገ፦

ከ60 ፋራናይት በላይ ይሁንልህ፣ ከዛ በታች ከሆነ የዘገየውን ማጠንከሪያ ሳይሆን የፈጣኑን ግዛ፣ ቆርቆሮዎቹን ማታ ቤት ውስጥ አሳድራቸው ሞቅ ይበሉ። እመጣለሁ፣ ጨጨብሳ ካለ።

የሲያትሏ፦

ወለሉን ስትከፍት ፎቶ ላክልን፣ አባቴ በየቀኑ "ያ ልጅ የት አደረሰው" እያለ ይጠይቀኛል። ኮምፔርሳቶውን ከመቁረጥህ በፊት ካርቶኑን ሦስቴ ሞክር።

ጀማሪው ካፒቴን፦

ጨጨብሳ አለ። ፎቶ እልካለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ግን፣ ያ ሰማያዊ ቀለም ሳይከፈት ይመለሳል ወይ? ደረሰኙን ነው ያጣሁት።